ወንበራችሁ ላይ የባለቤቱ ዘመድ ሲቀመጥ፦ የተሰናበተ ሠራተኛ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ፍርድ ቤት የሚያደርገው

«የባለቤቱን የእህት ልጅ አምጥተው እኔን አስወጡኝ፤ መክሰስ እችላለሁ?» የሚል ጥያቄ ሳያቋርጥ ይመጣል። ጠያቂው አንዴ ገንዘብ ያዥ ነው፣ አንዴ የስቶር ሠራተኛ፣ አንዴ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዴ አስተናጋጅ። መልሱ ግን ያው ስለሆነ ከነዝርዝሩ አንድ ቦታ አስቀምጠነዋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ባለሀብት ዘመዱን መቅጠሩ በራሱ በሕግ አልተከለከለም። «ዘመዱን አምጥቶ አባረረኝ» ብቻ ብሎ የሚከስ ሰው ሐቅ ይዞም ሊሸነፍ ይችላል። ዳኛው የሚመረምረው የተሰናበታችሁበትን ምክንያት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 የሥራ ውል የሚቋረጠው ከሠራተኛው ጠባይ፣ ከችሎታው ወይም ከድርጅቱ አቋምና የሥራ እንቅስቃሴ ጋር በተያያዘ ምክንያት ብቻ ነው ይላል። ዘመድየው የሚጠቅማችሁ እዚህ ላይ ነው፤ አሠሪው «መደቡ ታጥፏል»፣ «ሥራ ቀዝቅዟል» ሲል፣ ያው ሥራ ያው ወንበር ላይ በሌላ ሰው እየተሠራ መሆኑን ያሳያል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለማሳየት የሚደረግ ዝግጅት ነው።

መጀመሪያ ይህ መመሪያ እናንተን ይመለከት እንደሆነ አረጋግጡ

በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛ ለሥራው ብቁ አይደለም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊሰናበት ይችላል። የሙከራ ጊዜ ከተቀጠራችሁበት ቀን አንስቶ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። «ስድስት ወር ሙከራ» የሚል ውል ብትፈርሙም ከ60 የሥራ ቀናት በኋላ ያለው ጊዜ ሙከራ አይባልም።

የሥራ መሪ ከዚህ አዋጅ ውጭ ነው፤ የሚዳኘው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዋናው ነገር በውስጥ ያለው ሥልጣን እንጂ ደረት ላይ የተለጠፈው ስም አይደለም። መቅጠር፣ ማዘዋወር፣ ማገድ፣ መቅጣት ወይም የድርጅቱን ፖሊሲ ማውጣት የምትችሉ ከሆነ የሥራ መሪ ናችሁ። «የሽያጭ ማናጀር» ተብሎ አንድ ሠራተኛ እንኳ ማገድ የማይችል ሰው ግን ሠራተኛ ነው። አሠሪዎች በመልሳቸው «ከሳሽ የሥራ መሪ ነው» ማለት ስለሚወዱ፣ ማን ይቀጥርና ይቀጣ እንደነበር የሚያውቅ ምስክር ከወዲሁ አስቡ።

የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው። የቤት ሠራተኛም በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። የጽሑፍ ውል የሌለው ሠራተኛ ግን ይሸፈናል፤ በቃል የተደረገ የሥራ ውልም ውል ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የቅጥር ውል ወይም የቅጥር ደብዳቤ ኮፒ፤ ከሌለ የድርጅቱ መታወቂያ፣ የደመወዝ ማስረጃ ወይም ስማችሁ ያለበት ማንኛውም የድርጅቱ ሰነድ
- ቢያንስ የ12 ወር የባንክ ስቴትመንት፣ ባንኩ ማኅተም ያደረገበት
- የስንብት ደብዳቤ፣ ማስጠንቀቂያዎችና የዕረፍት ፈቃድ ወረቀቶች
- የድርጅቱ የሽያጭ ደረሰኝ አንድ (ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 9 ላይ እናያለን)
- ከሥራ ጋር የተያያዙ የቴሌግራምና የኤስኤምኤስ መልእክቶች፣ ቀንና ስልክ ቁጥር እንዲታይ ሆነው የታተሙ
- ለመመስከር ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ስምና አድራሻ
- አንድ ደብተር፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ምን አለ የሚጻፍበት

ማስጠንቀቂያ፦ የራሳችሁን ወረቀት ኮፒ አድርጉ እንጂ የድርጅቱን ኦርጅናል ሰነድ፣ የደንበኛ ዝርዝር ወይም የሒሳብ ፋይል ይዛችሁ አትውጡ። የተበደለው ሰው በአንድ ፋይል ምክንያት ተከሳሽ ይሆናል። አሠሪው እጅ ያለውን ሰነድ ፍርድ ቤቱ ራሱ ያስቀርበዋል።

ደረጃ 1፦ በቃል የተነገራችሁን ወደ ጽሑፍ አምጡት

ከዘመድ ጋር የተያያዘ ስንብት ብዙ ጊዜ በቃል ነው፤ «ከነገ ጀምሮ አትምጪ፤ እንጠራሻለን» ይባላል። ሰውም አዝኖ ቤቱ ይቀመጣል። ከሳምንት በኋላ ድርጅቱ «ሥራዋን ጥላ ጠፋች» የሚል ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ በስድስት ወር ውስጥ በጠቅላላው ለ5 የሥራ ቀናት መቅረት፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከተደገፈ፣ ወዲያውኑ ለማሰናበት ያበቃልና። ተባረርኩ የምትለዋ ሠራተኛ ቀረች ተባለች ማለት ነው።

ስለዚህ በማግስቱ በተለመደው የሥራ ሰዓት፣ ከተቻለ አንድ ሰው አስከትላችሁ፣ ሥራ ቦታችሁ ተገኙ። ጥበቃው ከመለሳችሁ ሰዓቱንና የጥበቃውን ስም ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። አትጣሉ፤ በሥራ ቦታ አምባጓሮ ማንሳት ራሱን የቻለ የማሰናበቻ ምክንያት ነው። በዚያው ቀን ይህን ደብዳቤ አስገቡ፦

«ለ________ ድርጅት። ጉዳዩ፦ ወደ ሥራ እንዳልገባ የተከለከልኩበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ። ከ________ ቀን ጀምሮ በ________ የሥራ መደብ በወር ብር ________ እየተከፈለኝ የምሠራ ሠራተኛ ነኝ። በ________ ቀን በ________ ሰዓት ከነገ ጀምሮ እንዳልመጣ በቃል ተነግሮኛል። በማግስቱ በሥራ ሰዓቴ ብገኝም እንዳልገባ ተከልክያለሁ። ሥራዬን አልለቀቅሁም፤ ዛሬም ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። ወደ ሥራዬ እንድመለስ፣ ይህ የማይሆን ከሆነ የስንብቱ ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ የማትቀንሱት «ሥራዬን አልለቀቅሁም» የሚለውን ነው። አሠሪው «አሰናብቻለሁ» ካለ ምክንያቱን የማስረዳት ሸክሙ የእሱ ነው። «ራሱ ቀረ» ካለ ግን መሰናበታችሁን ማስረዳት ወደ እናንተ ይዞራል። ያን ጊዜ ይህች አንዲት መስመር ትደርስላችኋለች።

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አዘጋጁና አንዱ ላይ የተቀባይ ፊርማና ቀን አስደርጉ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ልካችሁ ደረሰኙን ያዙ፤ ፎቶውንም ለሥራ አስኪያጁ በቴሌግራም ላኩ።

ደረጃ 2፦ የሚሰጣችሁን ወረቀት ተቀበሉ፤ የምትፈርሙትን ምረጡ

የስንብት ደብዳቤ ሲሰጣችሁ አልቀበልም ማለት አይጠቅምም። ሠራተኛው ካልተቀበለ ወይም ካልተገኘ ደብዳቤው በሥራ ቦታው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀናት ተለጥፎ እንደደረሰው ይቆጠራል። ተቀበሉና ከፊርማችሁ በላይ በእጃችሁ «ደብዳቤው በዛሬው ቀን ደርሶኛል፤ በይዘቱ አልስማማም» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ። ከስንብቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ድንገት መዝነብ የሚጀምሩትን ማስጠንቀቂያዎችም እንዲሁ ተቀበሉ፤ በማግስቱም አጭር የጽሑፍ መልስ ስጡ። ያልተመለሰ ማስጠንቀቂያ እንዳመናችሁት ተደርጎ ይቀርብባችኋል።

የማትፈርሙት ሁለት ዓይነት ወረቀት አለ። አንደኛው «በራሴ ፈቃድ ሥራ ለቅቄያለሁ» የሚለው ነው። በይሉኝታ፣ «ለመልካም ነገር ብለሽ ነው፤ የሥራ ልምድሽን እንጽፍልሻለን» ተብሎ ይለመናል። የሥራ ልምድ ወረቀት ግን ልመና የለበትም፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነፃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ሁለተኛው «ከድርጅቱ ምንም ቀሪ ክፍያ የለኝም» የሚለው ነው። በስምምነት ሥራ ሲቋረጥም ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት መተዉም ሕጋዊ ውጤት የለውም። ስለዚህ ቀድማችሁ ፈርማችሁ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ፤ መንገዱ ይረዝማል እንጂ አይዘጋም። ያልተሟላ ገንዘብ ሲሰጣችሁ «ብር ________ ተቀብያለሁ፤ ቀሪ መብቴ የተጠበቀ ነው» ብላችሁ ፈርሙ።

ደረጃ 3፦ ርክክብ፦ ገንዘብ፣ ዕቃና ቁልፍ

ገንዘብ ያዥ፣ የስቶር ሠራተኛና ሽያጭ ላይ የነበራችሁ ይህን ደረጃ ከሁሉ አስበልጡት። ሰውን ከሥራ ከማሳጣት አልፎ ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሚያደርሰው ያልተፈረመ ርክክብ ነው። ዘመድየው ቁልፉን ከተረከበ ከወር በኋላ «ጉድለት ተገኘ» ይባላል፤ ዕቃው መቼ እንደጎደለ የሚያሳይ ወረቀት የለም፤ ጥያቄውም እናንተ ላይና በቅጥር ጊዜ በፈረመላችሁ ዋስ ላይ ይመጣል።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ቁልፍ ከመስጠታችሁ በፊት ከተረካቢው ጋር መደርደሪያ በመደርደሪያ ቁጠሩ። በእያንዳንዱ ዕቃ መስመር ላይ ሦስት ቁጥር ይጻፍ፦ በቢን ካርዱ (የዕቃው መግቢያና መውጫ በሚመዘገብበት ካርድ) ላይ ያለው፣ በዓይን የተቆጠረው፣ ልዩነቱ። ልዩነት ካለ አትደብቁት፤ ምክንያቱን እዚያው ጻፉ (የተሰበረ፣ በትዕዛዝ የወጣና ደረሰኝ ያልተቆረጠለት፣ በስህተት የተመዘገበ)። የተሰረዘ ቁጥር ጎን ሁለታችሁም ፈርሙ። ገንዘብ ከሆነ የዕለቱን ዜድ ሪፖርት (የሽያጭ ማሽኑ የሚያወጣውን የቀኑን የሽያጭ ድምር) አውጥታችሁ ጥሬ ገንዘቡን በብር ኖት ዓይነት ዘርዝሩ፤ ያልተወራረደ ቢል ካለ አያይዙ። ቁልፎችን በቁጥር፣ ላፕቶፕና ስልክን በመለያ ቁጥራቸው ጻፉ። ወረቀቱ በሦስት ኮፒ ይዘጋጅ፤ አስረካቢ፣ ተረካቢና ታዛቢ ይፈርሙ፤ አንዱ ኮፒ ከእናንተ ጋር ይውጣ።

«ቁልፉን ብቻ አስቀምጪና ሂጂ» ከተባላችሁ ርክክብ እንዲደረግላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቁልፉንም ለማን፣ በስንት ሰዓት እንደሰጣችሁ ምስክር ባለበት አስፈርሙ። ርክክቡን ራሳችሁ ካዘገያችሁ ደግሞ አሠሪው ክፍያ የሚፈጽምበት ጊዜ በዚያው ልክ ስለሚራዘም እናንተው ትጎዳላችሁ።

ርክክቡ ሲያልቅ ሁለት ነገር በደብዳቤ ጠይቁ፦ የዋሳችሁ ግዴታ መነሳቱን የሚገልጽ ወረቀት፣ እና ለዋስትና የተያዘ ኦርጅናል የትምህርት ማስረጃችሁ። ዋሱ ብዙውን ጊዜ አጎት ወይም ጎረቤት ነው፤ በእናንተ ጉዳይ እሱ እንዳይንገላታ ይህን ሳትጨርሱ አትሂዱ።

ደረጃ 4፦ ያው ሥራ መቀጠሉን የሚያሳይ ማስረጃ ሰብስቡ

ዝምድናውን ለማስረዳት ብዙ አትድከሙ። ማስረዳት ያለባችሁ ሦስት ነገር ነው፦ ሥራው አለ፣ ሌላ ሰው እየሠራው ነው፣ ያም ሰው የመጣው እናንተ ከመውጣታችሁ ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም ወዲያው ነው።

በእጃችሁ ሊኖር የሚችለው፦ «ሥራውን አሳይው» ብሎ የታዘዘበት መልእክት፣ ለደንበኞች «ከአሁን በኋላ ከእሱ ጋር ተነጋገሩ» ተብሎ የተላከ ጽሑፍ፣ ተረካቢው የፈረመበት የርክክብ ወረቀት (ደረጃ 3 ሁለት ጊዜ ይጠቅማል)፣ ለዚያው መደብ የወጣ የቅጥር ማስታወቂያ። አሁንም በሥራ ላይ ካላችሁና አዲሱን ሰው እንድታለማምዱ እየታዘዛችሁ ከሆነ እንቢ አትበሉ፤ ትዕዛዙ በጽሑፍ ወይም በመልእክት እንዲደርሳችሁ ብቻ በትሕትና ጠይቁ።

በአሠሪው እጅ ያለው የበለጠ ነው። ድርጅቱ በየወሩ ለገቢዎች የሚያሳውቀው የደመወዝ ግብርና የጡረታ መዋጮ ዝርዝር ላይ የሠራተኞች ስምና ደመወዝ አለ። እናንተ ከዝርዝሩ በወጣችሁበት ወር ማን እንደገባ ያሳያል። ክሳችሁ ላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ዝርዝር፣ የፔይሮል ወረቀቱንና የተተኪውን የቅጥር ደብዳቤ እንዲያስቀርብ ጠይቁ።

ደረጃ 5፦ የተሰጣችሁን ምክንያት ከሕጉ ጋር አስተያዩ

*«የሥራ መደቡ ተሰርዟል»።* መደብ ሲሰረዝ በቂ ምክንያት መኖር አለበት፤ ሠራተኛውም ወደ ሌላ ሥራ ሊዛወር የማይችል መሆን አለበት። መደቡ ላይ ሰው ካለ አልተሰረዘም። ስሙ ተቀይሮ «ገንዘብ ያዥ» የነበረው «የሽያጭ አስተባባሪ» ቢባልም የየዕለቱ ሥራ ዝርዝር ይታያል፤ ስለዚህ ትሠሯቸው የነበሩትን ተግባራት አንድ በአንድ ጻፉ።

*«የሠራተኛ ቅነሳ ነው»።* ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ቢያንስ 5 ሰው ካልተነካ ቅነሳ አይባልም፤ ከዚያ ለሚበልጥ ድርጅት መለኪያው 10 በመቶ ነው። በቅነሳም የተሻለ ችሎታና ምርታማነት ያለው ሠራተኛ ነው የሚቀረው፤ ትናንት የገባ ሰው ቀርቶ የአራት ዓመቱ ሠራተኛ ከወጣ አሠሪው ይህን ማስረዳት አለበት።

*«ያረፍዳል፣ ይቀራል»።* ማርፈድ ለማሰናበት የሚያበቃው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ሲሆንና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲኖር ነው። የፈረማችሁበት የሰዓት መቆጣጠሪያ እንዲቀርብ ጠይቁ።

*የቆየ ጥፋት ሲቆፈር።* አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ በዚያ ጥፋት ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት አይችልም። ባለፈው ዓመት የተነሳ ጉዳይ ዘንድሮ ዘመድ ሲመጣ ከተመዘዘ ይህን ጥቀሱ፤ በተለይም ያኔ ማወቁን የሚያሳይ ወረቀት ካለ።

*ምክንያት ያልተጻፈበት ደብዳቤ።* «ድርጅቱ ለሠሩት ሥራ ያመሰግናል» ብቻ የሚል ደብዳቤ ለእናንተ ጥሩ ማስረጃ ነው። ማሰናበቻ ደብዳቤ ምክንያቱንና የሚጸናበትን ቀን መግለጽ አለበት። እንዲስተካከል ብላችሁ አትመልሱት።

ሳትሰናበቱ ወደ ዝቅተኛ ሥራ ወርዳችሁ ዘመድየው ቦታችሁን ከያዘ ደግሞ በንዴት አትልቀቁ። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው «ከሕግ ውጭ ተሰናበትኩ» ማለት ይከብደዋል። ተቃውሟችሁን በጽሑፍ አስገብታችሁ ሥራችሁን እየሠራችሁ ተከራከሩ።

ደረጃ 6፦ ክፍያውን አስሉ

ስሌቱ የሚነሳው ከደመወዝ ነው። የትርፍ ሰዓት፣ የትራንስፖርት አበል፣ ኮሚሽን፣ ቦነስና ሰርቪስ ቻርጅ ደመወዝ ውስጥ አይገቡም። ውል ላይ 4,000 ብር ተጽፎ በየወሩ 9,000 የሚገባላችሁ ከሆነ ግን የባንክ ስቴትመንቱ እውነተኛውን ደመወዝ ያስረዳል፤ ዝርዝሩ ላይ ያስፈለገን ለዚህ ነው።

ያልተወሰነ ጊዜ ውል ያላት፣ በወር 9,000 ብር የሚከፈላት፣ 4 ዓመት ከ6 ወር ያገለገለች ሠራተኛ ከሕግ ውጭ ተሰናብታለች እንበል። የቀን ደመወዟ 9,000 ÷ 30 = 300 ብር ነው።

- የስንብት ክፍያ፦ ለመጀመሪያው ዓመት 30 × 300 = 9,000። ለተጨማሪው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 3,000፤ ለ3 ዓመት ተኩል 10,500። ድምር 19,500። (ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም።)
- ካሣ፣ ወደ ሥራ ካልተመለሰች፦ 180 × 300 = 54,000።
- የማስጠንቀቂያ ጊዜ (ከስንብቱ በፊት አስቀድሞ ሊነገራት ይገባ የነበረው ጊዜ) ደመወዝ፦ የ2 ወር 18,000። አገልግሎቱ እስከ 1 ዓመት ለሆነ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ 3 ወር ነው።
- እስከዚህ ድረስ ግብር ሳይቀነስ 91,500 ብር።
- ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት በገንዘብ። መነሻው ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ነው፤ በየሁለት ተጨማሪ ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። በየትኛው ዓመት ስንት ቀን እንደቀረ ለይታችሁ ጻፉ።
- የክፍያ መዘግየት፦ አሠሪው ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት። ካልከፈለ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊያስጨምረው ይችላል። ይህ ሳይጠየቅ አይሰጥም፤ ክሱ ላይ ይጻፍ።

የጊዜ ገደብ ያለው ውል ከሆነ ካሣው እስከ ውሉ ማብቂያ ያለው ደመወዝ ነው፤ ከ180 ቀን ደመወዝ ግን አይበልጥም። ጎን ለጎን ከደመወዛችሁ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ገቢ መደረጉን ከግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር አጣሩ። ተቆርጦ ያልገባ ብዙ አለ።

ደረጃ 7፦ ቀኑን ቁጠሩ

ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ከስንብት የሚመነጩ የክፍያ ጥያቄዎች በ6 ወር ይዘጋሉ። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን አንስቶ በ6 ወር። ከዚህ ሁሉ አጭሩን ያዙና ለራሳችሁ የ2 ወር ገደብ አድርጉ። የፍርድ ቤቶች የክረምት ዕረፍት ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ስለሆነ ሐምሌ ላይ የተሰናበተ ሰው ቶሎ ይንቀሳቀስ፤ ዕረፍቱ ላይ ከደረሰበትም በተረኛ ችሎት (በዕረፍቱ ወቅት በሚሠራው ችሎት) በኩል ክሱን ለማስገባት ይሞክር እንጂ ጊዜው ቆሞ ይጠብቀኛል አይበል።

ደረጃ 8፦ ሽምግልናና የሥራና ክህሎት ጽ/ቤት

በወረዳ ወይም በክፍለ ከተማ ባለው የሥራና ክህሎት ጽ/ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ አሠሪውን ጠርተው ያነጋግራሉ፤ አንዳንዴ እዚያው ያልቃል። የሠራተኛ ማኅበር አባል ከሆናችሁ ማኅበራችሁ ይግባበት። ባለቤቱ ሽማግሌ ከላከም ስሙ፤ በቤተሰብ ድርጅት ውስጥ በዕርቅ የሚያልቅ ጉዳይ ጥቂት አይደለም።

ማስጠንቀቂያው ይህ ነው፦ «ሽምግልና ላይ ነን» እየተባለ ቀጠሮ ሲንዛዛ ሦስቱ ወር ያልፋል። በቃል የሚደረግ ሽምግልና ይርጋን (ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ) አያቆምም። እየተነጋገራችሁም ክሱን አስገቡ፤ ከታረቃችሁ ይቋረጣል። ዕርቁ በጽሑፍ ይሁን፤ ገንዘቡ በአኃዝና በፊደል፣ የሚከፈልበት ቀንና መንገድ ይጻፍ። የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ይዛችሁ ክሱን አታቋርጡ፤ ሲፒኦ (ባንኩ ራሱ የሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ወይም የባንክ ዝውውር ይሁን። ክስ ከተጀመረ ዕርቁን ችሎቱ ዘንድ አስመዝግቡ፤ ያን ጊዜ ባይከፍል እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

ደረጃ 9፦ ክሱን ጽፋችሁ አስገቡ

አዲስ አበባ ከሆናችሁ የምትሄዱት ወደ ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ በክልል ወደ ወረዳው ወይም መጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት። ሠራተኛ ለዚህ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ጠበቃ የማትችሉ የሕግ ትምህርት ቤቶች ያቋቋሟቸውን የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ጠይቁ፤ ሴቶች በኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በኩልም ነፃ ድጋፍ ያገኛሉ።

የተከሳሽ ስም ላይ ተጠንቀቁ። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ የሚከሰሰው ማኅበሩ ነው። በግለሰብ ስም የተመዘገበ ከሆነ ባለፈቃዱ ከነንግድ ስሙ ነው። ሥራ አስኪያጁን ወይም ታፔላው ላይ ያለውን ስም ከሳችሁ መዝገቡ ሊዘጋባችሁ፣ ይርጋውም ሊያልፍባችሁ ይችላል። ደረሰኝ ያዙ ያልነው ለዚህ ነው፤ ከሽያጭ ማሽኑ የሚወጣው ደረሰኝ አናት ላይ የተመዘገበው ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ አለ።

የክሱ አካል አጭር ይሁን፦ መቼ ተቀጠርኩ፣ ምን እሠራ ነበር፣ ስንት ይከፈለኝ ነበር፣ መቼና እንዴት ተሰናበትኩ፣ የተሰጠው ምክንያት ለምን ሕጋዊ አይደለም። ዘመድየው እዚህ በአንድ አንቀጽ ይገባል፦ «በመደቡ ላይ በ________ ቀን ሌላ ሰው ተመድቦ ያንኑ ሥራ እየሠራ ይገኛል።» ስድብና የቤተሰብ ታሪክ አትጨምሩ፤ ዳኛው ከሚፈልገው ጭብጥ ያርቃል።

የምትጠይቁት ዳኝነት በአማራጭ ይጻፍ፦ ከውዝፍ ደመወዝ ጋር ወደ ሥራ እንድመለስ፤ ይህ የማይሆን ከሆነ ካሣ፣ የስንብት ክፍያ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ፣ ያልተወሰደ ዕረፍት፣ የመዘግየት ክፍያና የሥራ ልምድ ማስረጃ ይሰጠኝ ብላችሁ። በአማራጭ የሚጻፍበት ምክንያት አለው፤ የስንብቱ ሕገወጥነት ቢረጋገጥም ግንኙነታቸው ችግር ይፈጥራል ብሎ ካመነ ፍርድ ቤቱ በካሣ እንዲለያዩ ማድረግ ይችላል። በትንሽ የቤተሰብ ድርጅት ይህ የሚጠበቅ ነው። ወደ ሥራ መመለስ ከተፈረደ ውዝፉ በመጀመሪያ ደረጃ እስከ 6 ወር፣ በይግባኝ እስከ 1 ዓመት ደመወዝ ይደርሳል።

የሰነድ ማስረጃ፣ የምስክሮች ስም፣ አድራሻና የሚያስረዱት ነገር፣ ከአሠሪው የሚቀርቡ ሰነዶች ዝርዝር ከክሱ ጋር አብረው ይገባሉ። «በኋላ አመጣለሁ» ያላችሁት ማስረጃ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል። መጨረሻ ላይ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት እውነትነቱን አረጋግጣችሁ ፈርሙ። ቢያንስ ሦስት ኮፒ አዘጋጁ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው

- አሁንም እዚያው የሚሠራን ባልደረባ ብቸኛ ምስክር ማድረግ። እንጀራውን ፈርቶ ቢቀር አትፍረዱበት። ሥራ የለቀቀ ሰው፣ ደንበኛ፣ ዕቃ አቅራቢ ጨምሩ።
- ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ ባለቤቱን መስደብ። ለስም ማጥፋት ክስ በር ይከፍታል፤ ለእናንተ ክርክር አንዳች አይጨምርም።
- ካሣውን ብቻ ጠይቆ ዕረፍቱንና የመዘግየት ክፍያውን መርሳት። ያልተጠየቀ አይፈረድም።
- በቀጠሮ ቀን መቅረት። መዝገቡ ይዘጋል።
- ክሱ እስኪያልቅ ሥራ ሳይፈልጉ መቀመጥ። ሌላ ሥራ መያዝ የስንብት ክፍያ ጥያቄያችሁን አያስቀርም።

ደረጃ 10፦ ከፍርድ በኋላ

ሕጉ የሥራ ክርክር ችሎት ክሱ በቀረበ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወስን ያዛል፤ መጥሪያ ባለመድረሱ ይዘገያልና መጥሪያውን በጊዜ ማድረሱን ራሳችሁ ተከታተሉ። በውሳኔው ያልተስማማ ወገን በ30 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ይላል። ፍርዱ ለእናንተ ሆኖ አሠሪው ካልከፈለ የፍርዱን ትክክለኛ ግልባጭ አያይዛችሁ የአፈጻጸም ማመልከቻ አስገቡ። ማመልከቻው ላይ የድርጅቱን ንብረት መጠቆም የእናንተ ድርሻ ነው። ደመወዝ በባንክ ይከፈላችሁ ከነበረ ድርጅቱ በየትኛው ባንክ ገንዘብ እንዳለው የባንክ ስቴትመንታችሁ ይጠቁማል፤ ፍርድ ቤቱ ባንኩን ጠይቆ ከድርጅቱ ሒሳብ በፍርዱ ልክ እንዲያግድ ያንን ወረቀት አብራችሁ አቅርቡ።